የጠላቂው ሚስት

ሚስተር ዶብስ የአየር ሲሊንደሩን ማንገቻ ጨብጦ ተማሪውን ተገኝን ከመዋኛ ገንዳው ሥር እንደገና ጎትቶ አወጣው። ኤልፍነሽ ከአግዳሚው ብድግ አለች። ባሏ ግን አልታፈነም፣ ውሃም አልዋጠም፤ እንደ እሷው ግራ ገብቶት ዙሪያውን ያያል።

"ደህና ነህ ወይ ብዬ በእጄ ጠየቅሁህ" አለ አስተማሪው በእንግሊዝኛ። "ለምን አትመልስልኝም?"

"መለስኩልህ እኮ!"

"ፍጥጥ ብለህ አየኸኝ እንጂ መቼ መለስክ? ባሕር ውስጥ ጠይቄው ዝም ያለኝን ሰው እንደ ሞተ ነው የምቆጥረው። አንዴ ብቻ እንሞክራለን። ካልሆነ ካሪቢያን ባሕር አልወስድህም።"

ተገኝ በዚህ ሰውዬ ሱቅ የጠላቂዎችን የአየር ሲሊንደር ሲሞላ ነው የሚውለው። ደንበኞቹ ከካሪቢያን ተመልሰው ባሕር ሥር እንደ ደማቅ አለት ስለበቀለው ኮራልና በመካከሉ ስለሚርመሰመሱት ዓሦች ሲያወሩለት ልቡ ሸፈተ። ዘንድሮ፣ በ1986፣ ፈተናውን ካለፈ ሚስተር ዶብስ በረዳትነት ሊወስደው ቃል ገብቶለታል። ለኤልፍነሽ ነገሩ ከቶም አልተዋጠላትም። የደብረ ብርሃን ሰው፣ ያውም ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ በስንት መከራ ተርፎ፣ በገዛ እግሩ ባሕር ሥር የሚገባው ምን ጎድሎበት ነው? ዛሬም አሜሪካ ከሚኖሩበት ከክላርክስተን አብራው የመጣችው ልታበረታታው ሳይሆን፣ ቢሰምጥ ጮኻ ሰው ልትጠራለት ነው።

"በረደህ?" አለችው ወደ ገንዳው ጠርዝ ጠጋ ብላ።

ተገኝ ቅንድቦቹን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ፎጣ ልታቀብለው እጇን ዘረጋች።

"አየሽ? ለአንቺም አይመልስም!" አለ ሚስተር ዶብስ።

እጇ ፎጣው ላይ ቀረ። ለካ ውሃው ውስጥም በቅንድቡ "አዎ" እያለ ኖሯል! ሰውዬው ደግሞ ያስተማረውን የጣት ምልክት ይጠብቃል።

"ኤልፌ፣ ኧረ ምን አጥፍቼ ነው?" አላት ባሏ በአማርኛ። "በጠየቀኝ ቁጥር አዎ ብዬዋለሁ። ዞረብኝ እኮ!"

"እኔ እንጃ" አለችው።

ዋሸች። ዝም ካለች ይወድቃል፤ ከወደቀ የትም አይሄድባትም። ደስ ሊላት ሲገባ ደስታው አልመጣላትም። የያዛት ፍርሃት ይሁን ሐዘን ለራሷም አልገባት አለ። ተገኝ አንገቱን ደፍቶ የውሃ መነጽሩን አጠለቀ።

"ቆይ! ዌይት!" ብላ ጮኸች።

ሁለቱም ዞሩ። በምትሠራበት የሆቴል ላውንደሪ የለቃቀመችው እንግሊዝኛ ለዚህ አይበቃም። ሚስተር ዶብስ ፊት ቆመችና ቅንድቦቿን አነሣች፤ በጣቷም ጠቆመቻቸው።

"ዚስ" አለችው፤ "ዚስ... የስ።"