ጳጉሜን የማያውቀው ሶፍትዌር

አንሙት አዲስ ነገር ካየ እጁ አያርፍም። ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ሲቀጠር አመሉም አብሮት ተቀጠረ። በ2004 ነሐሴ መጨረሻ የበሽተኞች ቀጠሮ የሚመዘገብበት የዳታቤዝ ሶፍትዌር አዲስ እትም በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ ሥራ ላይ ባለው ማሽን ላይ ጫነው።

"ኧረ ጳጉሜ ትለፍ!" አለችው የካርድ ክፍሏ ዘመናይ። "ቀዶ ሐኪሙ በዓመት ሁለት ቀን፣ ያውም በጳጉሜ ነው የሚመጣው። ባይሆን መጀመሪያ በቅጂው ላይ ሞክረው።"

"አንቺ ደግሞ ፈሪ ነሽ" ብሎ ሳቀባት።

አዲሱ እትም አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። አሮጌው ተቀብሎት የኖረውን የጳጉሜ ቀጠሮ ሁሉ ባዶ አደረገው። አንሙት ገልጦ ያየው መስከረምንና ጥቅምትን ብቻ ነበር።

ጳጉሜ ሦስት ማለዳ የድጓ መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ከመርጡለ ማርያም መጡ። ግላኮማ ዓይናቸውን እየበላው ነበር፤ የቀረችውን ብርሃን ለማትረፍ ቀዶ ጥገናው የግድ ነው። የቀጠሮ ወረቀታቸው በዝናብ ርሶ ጽሑፉ ጠፍቷል፤ ኮምፒውተሩም ስማቸውን አላወጣም። ዘመናይ "ቀኑን ተሳስተው ይሆናል" ብላ መለሰቻቸው።

እኩለ ቀን ላይ አንሙት ስህተቱን አግኝቶ ድምፁን ሳያሰማ አስተካከለው። ሌሎቹ በሽተኞች በስልክ ተጠሩ። የኔታ ስልክ የላቸውም፤ ቀዶ ሐኪሙም በማግስቱ ሄደ። በኅዳር ሁለቱም ዓይኖቻቸው ጠፉ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ አንሙት ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ጥፋቱን በዘመናይ ላይ አድርጎ አባረራት። አንሙት ይህን ቆሞ እያየ ዝም አለ። በዝምታው ያፈረውን ያህል በስህተቱ አላፈረም።

ከወር በኋላ መርጡለ ማርያም ሄዶ የየኔታ እግር ላይ ወደቀ፤ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው።

"እኛ ዘንድ አዲስ ተማሪ በበዓል ቀን ዜማ አይመራም" አሉ የኔታ። "አስቀድሞ በመምህሩ ፊት ይፈተናል፤ ቢሳሳትም የሚሰማው መምህሩ ብቻ ነው።"

"ድጓውን እንዴት ሊያስተምሩ ነው፣ የኔታ?"

"ድጓውን በቃሌ ይዤዋለሁ። የተማሪዎቼን ፊት ነው ያልያዝሁት።"

አንሙት አለቀሰ። "ይማሩኝ" አለ።

"እኔስ ምሬሃለሁ። ያቺ ልጅ በማን ጥፋት ነው የተባረረች?"

"በእኔ።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ታለቅሳለህ? እኔን መካስ አትችልም፤ እሷን ግን ትችላለህ። ተነሥ፣ መኪናው ሳያመልጥህ።"

አንሙት ተነሣ። የመጣው ይቅርታ አግኝቶ ሊገላገል ነበር፤ ይቅርታውን አገኘ፣ አልተገላገለም።