የመቀስ ንዝንዝ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ «መቀስ» ናት። ስሙን ያወጡላት ፕሮግራመሮቹ ናቸው፤ የሚያመጡላትን ኮድ እየቆራረጠች ስለምትመልስላቸው። እሷም አልከፋትም፤ እንዲያውም በሆዷ ደስ ሳይላት አልቀረም።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ከተወች ቆይታለች። ከርነል የሚባል ነገር አለ፤ ከፕሮግራሞች ሁሉ ሥር ተቀምጦ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ነው። ይህ ከርነል «ሙቀቱ ይህን ያህል ደረሰ»፣ «ባትሪው ሊያልቅ ነው» ለማለት ሲፈልግ ቃልና ቁጥሩን አሰካክቶ አንድ መስመር የሚያደርግለት ፈንክሽን፣ ማለት አንዲት ትንሽ የኮድ ቁራጭ፣ ያስፈልገዋል። ያንን ፈንክሽን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትጠብቀው እሷ ናት። በቃ፣ ይኸው ነው። ባሏ ለእንግዳ «ኮምፒውተር ትጠግናለች» ብሎ ይገላገላል፤ ጎረቤቱም ይህን ሰምቶ የተበላሸ ፕሪንተሩን ታቅፎ ይመጣል።

ፈንክሽኑ አንድ ሕግ አለው። የሚጠራው ፕሮግራመር «እንካ፣ ሃያ ፊደል የሚይዝ ቦታ» ብሎ ይሰጠዋል። ጽሑፉ ከሃያ ከበለጠ ፈንክሽኑ ሃያው ላይ ይቆርጣል፤ ከዚያ አልፎ ቢጽፍ የሌላውን ቦታ ያበላሻላ! ቆርጦ ግን ዝም አይልም። «ሃያ ሰጥተኸኛል፣ የሚያስፈልገኝ ግን ሃያ አንድ ነበር» ብሎ ቁጥሩን ይመልሳል። ያንን ቁጥር ማየት የፕሮግራመሩ ፋንታ ነው። ማን ሊያይ! ተምሯል፣ ተመርቋል፣ ግድግዳው ላይ አራት የምስክር ወረቀት ሰቅሏል፤ ቁጥሩን ግን ዞር ብሎ አያየውም። የመቀስን ቆሽት የሚያሳርረው ይህ ነው።

ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ነገር ጨመረችበት። ፈንክሽኑ በቆረጠ ቁጥር ቀንና ሰዓቱን ጠቅሶ ማሽኑ መዝገብ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ፕሮግራመሮቹ «የመቀስ ንዝንዝ» አሉት። ሥራ አስኪያጁም አልወደደውም። የእሱ ቅጽል ስም ደግሞ «ራዕይ» ነው፤ ሰውየው ራዕይ ሳይል ሻይ እንኳ አዝዞ አያውቅም።

«ደንበኛ ማስጠንቀቂያ ሲያይ ይደነግጣል» አላት አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ። «ከራዕያችን ጋር አይሄድም። ያጥፉት።»

«አይሆንም።»

«ለምን ሲባል?»

«ቆርጦ ዝም ማለት ውሸት ነዋ!»

ራዕይ ከእሷ ጋር መከራከር ልብ ማድረቅ መሆኑን ያውቃል። ሌላ ሰው ጠርቶ ማስጠንቀቂያው ከስክሪንም ከሪፖርትም ላይ እንዳይታይ አስደረገ። መጻፉን ግን አላቆመም፤ ማንም አያየውም እንጂ ይጻፋል። እሱ እቴ፣ ካልታየ የለም ብሎ ስብሰባውን ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት ታናሽ እህቷ ደወለች። ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆና የሠራች፣ ቀልደኛ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ገባችበት።

«እታለም፣ ጉድ ሆኛለሁ። ቅዳሜ ያ የናንተ መሥሪያ ቤት የሚሠራው መድኃኒት መስጫ ፓምፕ… የታዘዘው በሰዓት መቶ ሃያ ነበር። መቶ ሃያ ብዬ አስገባሁ፤ ስክሪኑ አሥራ ሁለት አለኝ። ዜሮዋን የሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ነካኋት። አሁንም አሥራ ሁለት! በሽተኛው ላብ በላብ ሲሆን አየሁና ነቀልኩት።»

ሰውየው በሁለተኛው ቀን ደህና ሆኖ ቁርሱን ጠይቋል። ማሽኑ ግን የተነካውን ቁልፍ ሁሉ ይመዘግባልና መዝገቡ «1200 ገብቷል» ይላል። እሷ ከሥራ ታግዳለች፤ ሐሙስ አጣሪ ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች፤ ጥፋተኛ ከተባለች የነርስነት ፈቃዷ ይነጠቃል።

መቀስ ምን ብትላት ጥሩ ነው?

«መነጽርሽን አድርገሽ ነበር?»

«አድርጌ ነበር» አለች እህቷ ቀስ ብላ፣ ዘጋችው።

መቀስ ሥራዋን ቀጠለች። ምሳ ላይ ግን ቁጥሮቹ ተመላለሱባት። መቶ ሃያ፣ ሺህ ሁለት መቶ፣ አሥራ ሁለት። ማንኪያዋን አስቀምጣ ወደ መሞከሪያ ክፍሉ ሄደች፣ አንድ ፓምፕ ከመደርደሪያ አወረደች። ስሙ አጭር የሆነ መድኃኒት መርጣ መቶ ሃያ አስገባች፤ ስክሪኑ 120 አለ። እህቷ የሰጠችውን፣ ስሙ አንድ ክንድ የሚሆነውን መድኃኒት መርጣ ደገመች፤ 12 አለ። ሺህ ሁለት መቶ አስገባች፤ አሁንም 12። ኮዱን ከፈተች። የመድኃኒቱ ስምና መጠኑ አንድ መስመር ላይ፣ ሃያ ፊደል ቦታ ውስጥ ታጭቀዋል። ፈንክሽኑ የመለሰውን ቁጥር ማንም አልተቀበለውም።

ሐሙስ ዕለት የኮሚቴው ክፍል ሞልቷል። ሰብሳቢዋ ኮስታራ ሐኪም ናቸው። ፓምፑ ራሱ እንደ ተከሳሽ ጠረጴዛው መሃል ተጎልቷል። ራዕይ ሠላሳ አራት ስላይድ ይዞ መጥቶ፣ ስለ ድርጅቱ ራዕይ ሃያውን አሳልፎ ዋናው ላይ ደረሰ።

«ማሽናችን አይሳሳትም። ሰው ግን ይደክመዋል፣ ያረጃል። መዝገቡ ይናገራል።»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። መቀስ ከኋላ ወንበር ተነሳች።

«መዝገቡ ይናገራል ካሉ አይቀር ሙሉውን ይናገራ!»

«እርስዎ እኮ የኛ ሠራተኛ ነዎት» አላት ራዕይ ጥርሱን ነክሶ።

«ነኝ። የፈንክሽኑ ጠባቂ ነኝ፤ የእሷም እህት ነኝ። የቱን ልካድልዎ?»

ሰብሳቢዋ በእጃቸው ወደ ፓምፑ ጠቆሟት። መቀስ ኮምፒውተሯን በገመድ አገናኝታ ያንን የተደበቀ ንዝንዝ ግድግዳው ላይ ከፈተችው። መስመሩ ይወርድ ጀመር። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስትደርስ አቆመችው።

«ያንብቡልኝ» አለቻቸው ሰብሳቢዋን።

«‹ተቆርጧል፤ የተሰጠው ቦታ 20፣ የሚያስፈልገው 21።› ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ 22።» ሐኪሟ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ። «ምን ማለት ነው?»

«መጀመሪያ አንዷን ዜሮ ቆረጠ፣ ቀጥሎ ሁለቱንም። እሷ የነገረቻችሁ ይህንኑ ነው። ፓምፑ የሚሰጠው ሌላ፣ የሚያሳያት ሌላ።»

«ይህ ስንት ጊዜ ሆኗል?»

«አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሦስት መቶ ዘጠናው ማሽኑ ከመሸጡ በፊት፣ እዚያው እኛ ቤት ሙከራ ላይ ነው።»

ሁሉም ዓይኑን ራዕይ ላይ ጣለ። እሱም የቀረበለትን ውሃ ጠጣ፣ የጎረቤቱንም ጠጣ። «ይህ… ጥቃቅን ቴክኒካዊ ነገር ነው» አለ በመጨረሻ። ቀሪዎቹን አሥራ አራት ስላይዶች ማንም አልጠየቀውም።

ነርሷ ነጻ ተባለች። ፓምፖቹ ከየክፍሉ እንዲነሱ ታዘዘ፤ ለእሷም «ወደፊት የበለጠ ጥንቃቄ እንድታደርጊ» የሚል ደብዳቤ ተሰጣት። አዎ፣ ለእሷ! ለፓምፑ ደብዳቤ መስጠት አይቻል ይሆናል።

ደረጃው ላይ ሲወርዱ የመቀስ ስልክ ጮኸ። ራዕይ ነው፤ መኪናው ጋ እንኳ ሳይደርስ ጽፎላታል፦ «ለሚቀጥለው የሶፍትዌር እትም ያ ማስጠንቀቂያ ጭራሽ እንዳይጻፍ ያድርጉ። አስቸኳይ።» መቀስ ቆማ «አይሆንም» ብላ መለሰችና እየሳቀች ለእህቷ አሳየቻት።

«አየሽው ይኼን ጉደኛ? አሁንም መስማት አይፈልግም እኮ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለፈለፍኩ፤ ይሄ ነገር እየተናገረ ነው፣ ስሙት፣ ስሙት ብዬ…»

እህቷ አልሳቀችም። ደብዳቤውን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«እታለም፣ እነሱ ባያምኑኝ አልገረመኝም፤ አያውቁኝም። ሰኞ ዕለት የደወልኩት ግን ላንቺ ነው። ስክሪኑ አሥራ ሁለት አለኝ ብዬሽ ነበር።»

መቀስ ሦስት ደረጃ ያህል ወረደች፣ ከዚያ ቆመች።

«ብለሽኝ ነበር» አለች፣ እንባዋም መጣ።