ጉሮሮን የለካንበት ቀን

ኮማንደር ካርላየን የባሕርን ወለል በአፍንጫቸው ያውቁ ነበር። አጋነነ የምትሉኝ ካላችሁ አልፈርድባችሁም፤ እዚያ አልነበራችሁም። እኔ ግን ነበርኩ።

በፊተኛው የዓለም ጦርነት፣ በፈረንጆች 1917 ክረምት፣ መርከባችን ሰማንያ ነፍስ ይዛ ጉም ውስጥ ገባች። የዘረጋኸውን እጅ የማያሳይ ጉም ነው። ኮምፓሱ ተበላሽቷል። ከፊታችን የእንግሊዝ ምዕራብ ጫፍ፣ የኮርንዎል ቋጥኝ እንዳለ እናውቃለን፤ የት ጋ እንዳለ ግን የሚያውቅ የለም። የኔ ሥራ ጥልቀት መለካት ነበር። በረዥም ገመድ ጫፍ ላይ ድፍን የእርሳስ ብረት ታስሯል፤ ትወረውረዋለህ፣ ወለሉን ሲነካ ውሃው ገመዱን የት ላይ እንደያዘው አይተህ ልኩን በዜማ ትጮኻለህ። ሁለት ፋተም ላይ ሁለት የቆዳ ቁራጭ አለ፣ አምስት ላይ ነጭ ጨርቅ፣ ሰባት ላይ ቀይ። ፋተም ማለት አንድ ረዥም ሰው ሁለት እጁን ሲዘረጋ ከጣት እስከ ጣት ነው። የእርሳሱ ቂጥ ጎድጓዳ ስለሆነ ሞራ ይጠቀጠቅበታል፤ አሸዋም ሆነ ጭቃ፣ ወለሉ ላይ ያለው ነገር ሞራው ላይ ተጣብቆ ይወጣል።

ካርላየን እርሳሱን ከእጄ ተቀብለው ሞራውን አሸተቱ። በምላሳቸው ጫፍ ነኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩና፣

«የተፈጨ ዛጎል፣ ጥቁር ጠጠር» አሉ። «ከፖርትሬዊ በስተ ምዕራብ ሁለት ማይል ላይ ነን። ወደ ቀኝ አዙር።»

ጉሙ ሲገለጥ የፖርትሬዊ ቤተ ክርስቲያን ልክ እሳቸው ባሉበት ቆማለች። ሰማንያ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ዴንዚል ፔንግሊ እዚያው ፖርትሬዊ ተወልጄ የገዛ ደጄን አላወቅኩትም፤ እሳቸው በሞራ አወቁት። ከዚያ ቀን በኋላ ከእግዜር ቀጥሎ የምፈራው እሳቸውን ሆነ። ሚስቴ ላቭዴይ «ቀጥሎ ነው ወይስ በፊት?» ትለኛለች።

ጦርነቱ ሲያልቅ የባሕር ኃይሉ መኮንን በዛብኝ አለና በአንድ ገጽ ደብዳቤ አሰናበታቸው። ሠላሳ አራት ዓመታቸው ነበር። ገደሉ አናት ላይ ያለው የአባታቸው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ገቡ። እኔ ዓሣ አጥማጅ ሆንኩ። ባሕሩ በፈቀደልን ቀን ሁሉ በኔ ጀልባ እየወጣን፣ እኔ እየወረወርኩ እሳቸው እየጻፉ፣ ከፖርትሬዊ ፊት ለፊት ያለውን ቋጥኝ አንድ በአንድ አሥራ አምስት ዓመት ለካን። ካርታው ሲያልቅ ለንደን ላሉት የባሕር ኃይሉ ሰዎች ላኩት። እናመሰግናለን፣ አያስፈልገንም የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ተመለሰ። ካርላየን ወረቀቱን ሁለቴ አነበቡትና አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ቢሳደቡ ይሻል ነበር፤ ያ ነገር ውስጣቸው ገብቶ ቀረ።

በ1937 ካፒቴን ራይመርስ የሚባል ጀርመን ወደ አገሩ ጋበዛቸው። በጦርነቱ በሌላኛው ወገን ሆኖ ሲተኩስባቸው የነበረ ሰው ነው፤ መኮንኖች እንዲህ ዓይነት ወዳጅነት ይወዳሉ። ሦስት ሳምንት ቆይተው ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው መጡ። ጀልባዬን ቅጥራን እየቀባሁ ሳለ አጠገቤ ቆሙ።

«መቶ ሺህ ሰው፣ ፔንግሊ» አሉኝ። «አንድ ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። መሪያቸው ከመናገሩ በፊት ለአራት ደቂቃ ዝም አለ። ሰዓቴን ይዤ ነበር። መቶ ሺህ ሰው አራት ደቂቃ ሙሉ አንዱ እንኳ አላሳለም።»

«ጉንፋን የለባቸውም እንዴ?» አልኩ።

አልሳቁም። «ራይመርስ ካርታዬን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ሁለት ሰዓት ቆሞ ተመለከተው። ቆሞ!»

ልዋሽ አልፈልግም። መቶ ሺህ ሰው ዝም ሲል ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚሰማ ለማሰብ ሞከርኩና ቀናሁ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ቀናሁ።

ብዙ ሳይቆዩ የፋሺስቶቹን ጥቁር ሸሚዝ መልበስ ጀመሩ። በመንደሩ አዳራሽም ንግግር አደረጉ፤ አገሩ በነጋዴና በወሬኛ እጅ ወድቋል፣ አይሁድ ገንዘቡን ይዘውታል፣ ሥርዓት የሚያውቅ ሕዝብ ካየሁ እዚያ ነው ያየሁት አሉ። በሕይወቱ አይሁድ አይቶ የማያውቅ የሳርዲን ሻጭ ሁሉ ግራ ገብቶት ያዳምጣል። መጠጥ ቤት ውስጥ ባለቤቱ፣ «ጥቁሩን ሳይ ሰው የሞተባቸው መስሎኝ ላጽናናቸው ተጠጋሁ፤ ለካ የሞተው ጭንቅላታቸው ነው!» ብሎ ቤቱን በሳቅ አደበላለቀው። እኔ ቢራዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። መሳቅም አልቻልኩ፣ መጣላትም አልቻልኩ።

አሁን ጉሮሮ የምንለውን ልንገራችሁ። ከፖርትሬዊ በስተ ጀርባ የባሕር ኃይሉ መርከቦች መልሕቅ የሚጥሉበት ወሽመጥ አለ። በፊት ለፊቱ በኩል ዘበኛና መድፍ አቁመዋል። በጓሮው በኩል የቋጥኝ ግንብ ስላለ ማንም አይገባም ብለው ተዝናንተዋል። በዚያ ግንብ መሀል አንድ ስንጥቅ አለ፣ እሱ ነው ጉሮሮ። ውሃው በዚያ ሲያልፍ እንደ በሬ ያገሳል፤ ጀልባ የገባ ቀን ጀልባ የለም። ጥልቀቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የኛ ካርታ እንኳ እዚያ ጋ ባዶ ነው። ጸጥ የሚለው በማርች፣ ውሃው ከዳር እጅግ የሚርቅበት ትልቁ የባሕር ሽሽት በሚሆንበት ቀን፣ ለሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሁልጊዜ ነፋስ ነበር።

በ1939 ማርች ነፋስ አልነበረም። ራይመርስ ግን ነበረ። በባቡር መጣ፤ ለጀልባ ሽርሽር ወዳዶች መጽሐፍ እያዘጋጀሁ ነው ይላል። ካርላየን ሊያስተዋውቁኝ ቤታቸው ጠሩኝ።

«ነገ ጉሮሮን እንለካለን፣ ፔንግሊ። ካፒቴኑ ልኩን እንደሚወስድ ቃል ገብቼለታለሁ።»

ራይመርስ ተነስቶ ጨበጠኝ። ደግ ፊት ነበረው፤ ይህም ይበልጥ አናደደኝ።

ቤት ገብቼ ለላቭዴይ ነገርኳት። ልጃችን ፔትሮክ በዚያ ወሽመጥ ከቆሙት መርከቦች በአንዱ የእሳት ክፍል ሠራተኛ ነበር። ጉሮሮ ጥልቅ ከሆነ ሰርጓጅ መርከብ በጓሮ ገብቶ ቆጥ ላይ እንዳለ ዶሮ ያርዳቸዋል። ይህን ለማወቅ አድሚራል መሆን አያስፈልግም።

«አትሄድም!» አለች።

«ካልሄድኩ ራሳቸው ይወረውሩታል።»

«እንግዲያው ለፖሊስ ተናገር።»

«እሳቸውን አሳልፌ ልስጥ? ላቭዴይ፣ የሰማንያ ሰው ነፍስ አድነዋል እኮ። የኔንም ጭምር።»

«ሰማንያ ስላዳኑ የኔን አንድ ልጅ ይውሰዱ?»

ጠዋት ገመዴን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ስወጣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዓሣ ትገፍፍ ነበር።

ያን ቀን ያየሁትን ሁለተኛ አላየሁም። ባሕሩ ከመሬት ሸሽቶ፣ አያቶቼ እንኳ ያላዩት ቋጥኝ ከነጥቁር የባሕር አረም ፀጉሩ ብቅ ብሎ ነበር። ውሃ ከየስንጥቁ ይንጠባጠባል። ግንቡ በሁለት ወገን እንደ ቤት ቁመት ይዞን፣ የምንገባበት ውሃ አረንጓዴ ሆኖ አይነቃነቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሲያገሳ የሰማሁት ቦታ ዝም አለ። ባርኔጣዬን አወለቅኩ። ካርላየንም አወለቁ። እግዜር ባሕሩን ሲሠራ በሩን ለአፍታ ገርበብ አድርጎ እንደረሳው ያህል ተሰማኝ።

እኔ ከጀልባዋ ፊት ቆሜያለሁ፤ ራይመርስ ይቀዝፋል። ቀዛፊ ፊቱ ወደ ኋላ ነው፣ ስለዚህ እኔን አያየኝም። ካርላየን ከኋላ የጀልባዋን መሪ ይዘው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ፊት ለፊት እኔን ያዩኛል። በኛ ዘንድ የታወቀ ሕግ አለ፤ ጸሐፊው መኮንን የሚጽፈው ለኪው የጮኸውን ነው። ከተጠራጠረ «ድገም» ይላል። «ድገም» ካላለ የጮኸው እውነት ነው። ካርላየን በሃያ ዓመት ውስጥ «ድገም» ያሉኝ አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም ጠጥቼ በነበረበት ቀን ነው።

ወረወርኩ። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ። ነካ። ነጩ ጨርቅ ልክ ውሃው አፍ ላይ ቆመ። አምስት ፋተም። መርከብ የሚያስገባ አምስት።

ቀድሜ አላሰብኩበትም። አፌን ስከፍት ልጄ ታየኝ።

«ሁ–ለ–ት!» ብዬ ጮህኩ።

ቋጥኙ ድምፄን መለሰልኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ካርላየን ነጩን ጨርቅ እያዩ ነበር። ከዚያ ዓይኔን አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዓይን ችዬ አላውቅም። «ድገም» እስኪሉ ጠበቅኩ።

ራይመርስ መቅዘፉን አቁሞ፣ «ሁለት ብቻ?» አለ።

«እርሳሱን አምጣ» አሉኝ ካርላየን።

በራይመርስ ትከሻ ላይ አሳልፌ ሰጠኋቸው። ሞራው ላይ የተፈጨ ነጭ ዛጎል በወፍራሙ ተጣብቋል። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቀስ ብለው በአውራ ጣታቸው ጠረጉት፣ ጣታቸውንም ውሃው ውስጥ አጠቡ።

«ድንጋይ ነው» አሉ። «ሁለት ፋተም፣ ድንጋይ።» ጻፉ። «ቀጥል፣ ፔንግሊ።»

በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ወረወርኩ። ስድስት ጊዜ ዋሸሁ። ስድስት ጊዜ ጻፉ። ከዚያ ውሃው ማጉረምረም ጀመረና ወጣን። ራይመርስ «አሳዛኝ ነው፣ ለሽርሽር አይሆንም» ብሎ ልኩን ከደብተሩ ገልብጦ በማግስቱ ሄደ። ካርላየን ስለዚያ ቀን ምንም አላሉኝም። ጥቁሩን ሸሚዝም አላወለቁም። ስለዚያ ሜዳ ማውራታቸውንም አልተዉም፤ እንዲያውም ባሰባቸው። እንቆቅልሽ ሆኑብኝ፣ ተናደድኩባቸውም።

ጦርነቱ መጣ። በ1940 ሜይ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወሰዷቸው። ቤታቸው ሲበረበር የጉሮሮ ካርታና የራይመርስ የምስጋና ደብዳቤ ተገኘ። መንደሩ ሁሉ ከሃዲ አላቸው፤ የቤታቸውን መስኮትም ሰበሩት። እኔ ሄጄ ለመርማሪው ሁሉን ተናገርኩ። በሚቀጥለው ማርች ሰው ልከው ጉሮሮን አስለኩ፤ አምስት ሆኖ ተገኘ። በጁን ጉዳያቸውን ከሚዳኙ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት አቀረቧቸው፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ።

ካርላየንን ሳያቸው አላወቅኳቸውም፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ እንደ ሌላ ሰው ኮት ሆኗል። የመሀሉ ሽማግሌ ደግ ሰው ነበር።

«ካርላየን» አለ፣ «ይህ ካርታ ውሸት ነው። እያወቁ ለጀርመኑ ውሸት ሰጥተውት ከሆነ ዛሬውኑ ወደ ቤትዎ ይሄዳሉ። ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ምስክሩ ጨርቁን አይተዋል፣ ወለሉንም አሽትተዋል ይላል።»

«ዓይኔ ደክሟል። አፍንጫዬም እንደዚያው። ተሳሳትኩ።»

«ውሸት ነው!» ብዬ ተነሳሁ። «እኚህ ሰው ድንጋይን ከዛጎል አይለዩም? እኚህ?»

አስቀመጡኝ። ወደ እስር ቤታቸው ይመለሱ ተባለ። በኮሪደሩ ሲያልፉ ጠባቂው አዘነልኝና አንድ ደቂቃ ሰጠን።

«ለምን?» አልኳቸው። አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

«ለራይመርስ እውነተኛውን ልክ እሰጥሃለሁ ብዬ የመኮንን ቃሌን ሰጥቼዋለሁ» አሉ። «ቃሌን አጥፌያለሁ ብዬ ችሎት ፊት አልናገርም። ንጉሡ ራሱ ቢጠይቀኝም።»

«ግን አጥፈውታል እኮ!»

ጠባቂውን አዩት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አዎ» አሉ። «ስድስት ጊዜ። ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም፣ ፔንግሊ። ለምን እንዳልተንቀጠቀጠ እዚህ ተቀምጬ ሳስብ ነው የምውለው።»

ጠባቂው ክንዳቸውን ያዘ። ሁለት ዓመት ልሰማው ስቃትት የነበረውን ነገር ያን ጊዜ ሰማሁ።

ማታ ለላቭዴይ ሁሉን ነገርኳት። ከዚያ ማርች ጀምሮ ስማቸው በቤታችን እንዳይነሳ ያደረገች ሴት ናት። ሰምታ ስትጨርስ ተነሳችና በጦርነቱ በልክ የሚታደለንን የራሽን ቅቤያችንን ሁሉ ከቁም ሳጥኑ አወጣች።

«እስር ቤት ምግብ ያስገባሉ?» አለችኝ።

«ያስገባሉ መሰለኝ።»

«እንግዲያው ዱቄቱን አቀብለኝ» አለች።