ታርጋ የቀየረችው ኮምፒውተር

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ዝናቡ ሦስት ወር ሳያባራ ወረደ። የጓዳው ግድግዳ ሻገተ፤ ጉልበቴ አበጠ። በሁለተኛው ወር ባለቤቴን ቀበርን። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው ልጄ ናት። የሐኪሞችን የድምፅ ማስታወሻ እየሰማች ትተይባለች፤ በኢንተርኔት ትልካለች።

አንድ ማለዳ ኮምፒውተሯ ሲስተሟን አድሳ ተነሣች። መልኳ አማረ፤ ኢንተርኔቷ ጠፋ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፤ ልግባ ስትል ግን አይቀበላትም። ሥራው እስከ ስድስት ሰዓት መድረስ አለበት። ባለፈው ወር አንዴ አርፍዳለች፤ ከደገመች እንደሚያሰናብቷት ጽፈውላታል።

የኢንተርኔት መስመሩ ድርጅት ጋ ደወለች። ዋይፋዩን የሚያሠራጨውን ራውተር አጥፍታችሁ አብሩት አሉ። አጠፋን፣ አበራን። የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገባች። ያው ነው። ባለሙያ በአምስት ቀን ይመጣል ብለው ዘጉ። የሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ደግሞ በስልክ፣ ማሽኑ አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ አላት።

«አርጅቷል ያለው ሳያየው ነው?» አልኋት።

«ሳያየው ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያው እኔንም ሳያየኝ ይቅበረኝ።»

ከላይ ፎቅ ያለችውን ልብስ ሰፊ፣ የስልኳን ኢንተርኔት እንድታጋራኝ ልለምን አለች። ከለከልኋት። ቧንቧችን በተሰበረ ዓመት ያቺ ሴት አርባ ቀን ሙሉ በጎማ ውሃ አውርዳልናለች። እኔ አምና ዋይፋያችንን ሳታስፈቅድ ትጠቀማለች ብዬ ዘጋሁባት። በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?

«ሥራዬ ይቅር ታዲያ?»

«አይቀርም። ወንበሩን አቅርቢልኝ።»

ትምህርቴን ሰባተኛ ላይ አቁሜ ሠላሳ ዓመት የመጋዘን በር ጠብቄያለሁ። መኪና በር ላይ ሲቆም መንገዱን አትጠይቅም፤ ዘበኛውን ነው የምትጠይቀው። ስልኬን ከፈትሁ። በዚያው ዋይፋይ ይሠራል። መስመሩ ደኅና ነው ማለት ነው፤ በሩ አንዱን እያስገባ አንዱን ይመልሳል።

ያኔ ገባኝ። ልብስ ሰፊዋን የዘጋሁባት በዝርዝር ነበር። የቤታችንን ዕቃ ሁሉ መለያ ቁጥር ራውተሩ ላይ አስመዝግቤ፣ ከዚህ ውጭ ማንንም አታስገባ ብዬዋለሁ። ቁጥሮቹን እንደ ታርጋ በደብተር ይዣለሁ። ደብተሩን አወጣሁ፤ ልጄ ኮምፒውተሯ አሁን የምታሳየውን ቁጥር አነበበችልኝ። ከአንዱም አይገጥምም። ዕድሳቱ፣ ማንም እንዳይከታተላት ብሎ፣ እውነተኛውን ቁጥር ደብቆ ሌላ ሰጥቷታል።

ልጄ ሣቀች። «ዘበኛው የጌታውን ልጅ ከበር መለሰ በለኛ።»

«ታርጋ የቀየረ አይገባም። ትክክል ነው።»

ቁጥሩን የሚደብቀውን ማዘዣ ኮምፒውተሯ ላይ ፈልጋ አጠፋችው። ለስድስት ዐሥር ጉዳይ ሲል ሥራው ሄደ። ወዲያው ደርሷል የሚል መልስ መጣ።

ከዚያ ደረጃውን ወጣሁ። ልጄ ልደግፍህ አለችኝ፤ እምቢ አልሁ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም በመነጽሯ አናት አየችኝ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሰረቅሁ?»

«ምንም። ያለ ማስረጃ ነው የዘጋሁብሽ፤ አጥፍቻለሁ። የስልክሽን መለያ ቁጥር ስጭኝ።»

«ለስንት ቀን?»

«እኔ እስካለሁ።»

መኪናዋን አቆመች። ልጄ መጥታ ቁጥሩን አወጣችልን፤ በደብተሬ ከልጄ ቁጥር ሥር ጻፍሁት። ወርጄ አስመዘገብሁ። ጥቂት ቆይቶ ከላይ በመስኮት ተጣራች።

«ገብቷል፣ ጋሼ።»