አጥሩ ጥግ ያለችው ሴት

ሎወል አግቢኝ ሲለኝ «መጀመሪያ ጓደኞችህን ልያቸው» አልኩት። ሰው በጓደኛው ይታወቃል፤ እኔም በሃምሳ አንድ ዓመቴ ተንደርድሬ የምገባበት ትዳር የለኝም። ጓደኞቹ እዚህ ነብራስካ ውስጥ የጠፋ ሰው በአውሮፕላን የሚፈልጉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሎወል በሥራ ቀን ፍሪጅ ይጠግናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከአብራሪው ጎን ተቀምጦ ቁልቁል ያያል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አግኝቶ አያውቅም። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፣ አንገቱን ደፍቶ።

የሄድኩበት ቅዳሜ ልምምድ ነበራቸው። ለአዲስ እንግዳ የሚሰጠው ሥራ ሁልጊዜ መጥፋት ነው። ሬዲዮኑን የምትይዘው አርዲስ የምትባል ሴትዮ «እግሯ ተሰብሯል» የሚል ካርቶን አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ።

«አውሮፕላኑን ስታዪ እጅሽን አውለብልቢ። ከቦታሽ ግን ንቅንቅ እንዳትዪ!»

«ካላዩኝስ?»

«ኧረ ያዩሻል» አለችና ሳቋ አመለጣት።

በሽቦ የታጠረ የከብት ግጦሽ ላይ ጥለውኝ ሄዱ። አውሮፕላኑ አራት ጊዜ በላዬ አለፈ፤ አራቱንም ጊዜ ክንዴ እስኪዝል አውለበለብኩ። አንዴማ የሎወልን ቀይ ኮፍያ ሳይቀር አይቻለሁ። እሱ ግን እንኳን እኔን፣ ላሞቹንም ያየ አይመስለኝም። አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ራቡ ሲጠናብኝ፣ በዚያው በተሰበረው እግሬ እየተራመድኩ ወደ ሬዲዮ ክፍላቸው ተመለስኩ።

አርዲስ በሩ ላይ ስታየኝ ክው አለች። «አንቺ! ገና አልተገኘሽም እኮ!»

«እኔ ራሴን አግኝቻለሁ። የሚበላ አለ?»

ቋሊማ በዳቦ ገና አንዴ እንደጎረስኩ ሬዲዮኑ ተንጫረረ። የሎወል ድምፅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል።

«አገኘኋት! አጥሩ ጥግ ናት! እጇን እያውለበለበችልኝ ነው!»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ስምንት ሽማግሌዎች መጀመሪያ ሬዲዮኑን፣ ቀጥለው እኔን አዩ። አርዲስ የሬዲዮኑን ማውሪያ እንደጨበጠች ወደ እኔ ዞረች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ ያችን ቃል ግን ለእኔ ተወችልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ስሰማ ሆዴ ባባ። አሥራ አንድ ዓመት!

«መኪና ያለው ማነው?» አልኩ።

አርዲስ ማውሪያውን ለአንዱ ሽማግሌ ወርውራ ራሷ እየነዳች አደረሰችኝ። «በእግር የሚፈልጉት ሊደርሱ ነው፣ ሩጪ!» አለችኝ። ሮጥኩ። አጥሩ ጥግ አንድ የተቀደደ ነጭ የመኖ ጆንያ ሽቦው ይዞት በነፋስ ይራገባል። ነቅዬ ጃኬቴ ውስጥ ወሸቅኩትና ተጋደምኩ። ፈላጊዎቹ መጥተው እግሬን በእንጨት አሰሩ፤ በቃሬዛም ተሸከሙኝ።

ሬዲዮ ክፍሉ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ሎወልን እያቀፉ ጀርባውን ይደልቁታል። ከስምንቱ አንድም ትንፍሽ ያለ የለም። እነዚህን ሰዎች የወደድኳቸው ያኔ ነው።

ሎወል ቃሬዛው ሥር ተንበረከከ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ማርሊስዬ፣ ከዚያ ሁሉ ከፍታ በእጅሽ አወዛወዝ ነው የለየሁሽ። ከሺህ ሰው መሃል አውቅሻለሁ።»

ዝም አይነቅዝም። ጆንያው እንዳይታይ ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆለፍኩና «እሺ፣ አገባሃለሁ» አልኩት።