እንስሳ የሌለበት ቤት

አሠልጣኙ ከሶፋው ተነሣ፣ ሚስቱ እንድትቀመጥ በእጁ አመለከታት፣ ጉሮሮውን ጠረገና አወጀ።

«በዚህ ቤት ውስጥ እንስሳ የለም።»

ሚስቱ ራሷን ነቀነቀች። እኔም ነቀነቅኩ።

«ድመት የለም፤ ውሻ የለም። ዓሣ ነበረን፤ ሞተ።»

«ትንኝ አለ» አለች ሚስቱ።

«ትንኝ እንስሳ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እንግዳ ነው» አለና ተቀመጠ። እንግዳ የሚለው ቃል ሲወጣ የሁለቱም ፊት ትንሽ ጠቆር አለ፤ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

አዋጁ የወጣው እኔ ስለጠየቅኩ ነው። እንጀራዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ እርማት ማንበብ ነው፤ ሌላ ሰው የጻፈውን እያየሁ ግድፈት እለቅማለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ባለቤቶቹ የተጓዙበትን ቤት እጠብቃለሁ። እጠብቃለሁ ስል ዱላ ይዤ በር ላይ አልቆምም። ቤቱ ውስጥ እኖራለሁ፤ መጋረጃ እከፍታለሁ፣ አትክልት አጠጣለሁ፣ ሲመሽ መብራት አበራለሁ። ከዚህ ቀደም በቀቀን ያለበትም፣ ኤሊ ያለበትም ቤት ገብቼ አውቃለሁ። በዚህኛው ዙር ግን «እንስሳ ካለ አልገባም» አልኩ።

«ለምን?» አለኝ አሠልጣኙ።

«ያስነጥሰኛል።»

አያስነጥሰኝም። ምክንያቱ እናቴ ናት። ቀኝ ዓይኗ ማየት ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው። የግራውን ሞራ በቀዶ ሕክምና ካነሡላት ደግሞ ገና አራት ቀኗ ነበር። የቀራት ዓይን እሱ ብቻ ነው። ሐኪሙ ለሦስት ሳምንት አቧራ፣ ጭስና የእንስሳ ፀጉር እንዳይደርስባት አዘዘ። «ከቀላ ወይም ከጠዘጠዛት በአንድ ሰዓት ውስጥ እዚህ አድርሷት። ካለፈ በኋላ ብትመጡ እኔም የማደርገው የለኝም» አለ።

እኔ የምኖረው ከአንድ አናጢ ቤት በላይ ባለች ክፍል ነው፤ የመጋዙ ብናኝ በወለሉ ስንጥቅ ሽቅብ ይዘንባል። ወንድሜ ቤት አራት ድመት አለ። ሚስቱ አምስት ነው ትላለች፤ እንግዲህ እሱንም ቆጥራ ይሆናል። እናቴን የማስገባበት ንጹሕ ቤት ካላገኘሁ ያቺ አንዲት ዓይን ልትጠፋ ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

አሠልጣኙም በበኩሉ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። መኪና መንዳት ስለሚያስተምር ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ይናገራል።

«የምትኖሪው ብቻሽን ነው። ብቻሽን።»

«ብቻዬን ነኝ ጋሼ።» ይህ ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

«ሦስት ሳምንት ውጭ አገር ነን፣ ልጃችን ዘንድ። ሰው ከመጣ ተጉዘዋል ትያለሽ። ተጉዘዋል።»

«በተለይ ዘመድ ነኝ የሚል ከመጣ» አለች ሚስቱ።

«የሚልም፣ የምትልም» አለ እሱ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሻንጣ ይዘው በታክሲ ሄዱ። ሻንጣዎቹ ለውጭ አገር መንገድ ቀለል ያሉ መሰሉኝ። ግን የሰው ሻንጣ ማረም ሥራዬ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ እናቴን አመጣኋት። በመዳፏ ግድግዳውን እየዳበሰች ገባች።

«የማን ቤት ነው?»

«የሥራ ቦታዬ ነው እማዬ።»

«የሥራ ቦታ ሶፋ አለው?»

«ይኼኛው አለው።»

«በይ እንግዲያው እኔም ልሥራ» ብላ ጋደም አለች።

አለቃዬ እርማቱን ቤት ወስጄ እንድሠራ ፈቅዶልኝ ስለነበር በቀን አራት ጊዜ ጠብታዋን አደርግላታለሁ፣ በመሐሉ አነባለሁ። አራት ቀን በሰላም አለፈ።

በአምስተኛው ቀን የግቢው ደወል ጮኸ። በሩን ገርበብ ሳደርግ አንዲት ደልደል ያለች ሴት አንድ ሻንጣና አንድ ትልቅ ዘንቢል ግራና ቀኝ አስቀምጣ ቆማለች።

«ማን ነሽ አንቺ?» አለችኝ።

«ቤት ጠባቂ ነኝ።»

«ቤቱ ምን አጥፍቶ ነው የሚጠበቀው?»

«ባለቤቶቹ ተጉዘዋል።»

«ተጉዘዋል? ማን ፈቅዶላቸው?»

«እርስዎን ማን ልበል?»

«‹እርስዎ› አትበዪኝ፣ አላረጀሁም። የባልየው ታላቅ እህት ነኝ። እናታችን ስትሞት በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እቴቴ በዪኝ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። አምና ለአንድ ሳምንት ብዬ መጥቼ አራት ወር ነው የቆየሁት፤ እንግዲህ እንዴት እንደሚወዱኝ እይው።»

አሠልጣኙ እንግዳ ሲል ፊቱ ለምን እንደጠቆረ እዚያው በር ላይ ገባኝ። «ትእዛዝ ነው፣ ማንንም አላስገባም» ልል አፌን ስከፍት ከውስጥ የእናቴ ድምፅ መጣ።

«ማነው እሱ? አስገቢው እንጂ! ሰው ደጅ አይቆምም!»

እቴቴ ቅንድቧን አነሣች።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ታዲያ ግድግዳው ነው የተናገረው?»

ሻንጣዋን አንሥታ በክንዴ ሥር ገባች። ሳሎን ደርሳ ጥቁር መነጽር አድርጋ የተቀመጠችውን እናቴን አየች፤ ጠረጴዛው ላይ የተደረደረውን ጠብታ አየች፤ እኔን አየች። ሁሉን ነገር ነገርኳት፤ የሰው ውሸት ተይዞ ሌላ ምን ይደረጋል?

«ወንድሜ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ትንሽ አሰበችና ዘንቢሉን አጠገቧ አድርጋ ተቀመጠች።

«የእኔንም መምጣት አያውቅም፤ በድንገት ደስ ላሰኘው ብዬ ነበር። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ወንድሜ ለምኖኝ ነው የምሄደው ብዬ ነው የወጣሁት። ዛሬውኑ ብመለስ ምን ይሉኛል? ስለዚህ አንቺ እኔን አላየሽኝም፣ እኔም እሳቸውን አላየኋቸውም።» ወደ እናቴ ዞረች። «እሳቸው እንደሆነ ለጊዜው ማንንም አያዩ።»

ከሁላችንም አብልጣ የሳቀችው እናቴ ናት።

በዚያው ዕለት እቴቴ ጓዳ ገብታ ወንድሟ ጋ ደወለች። በበሩ በኩል ሰማኋት። «ጉልበቴ አስቸግሮኛል፣ ዘንድሮ መምጣቴን እንጃ... ምን? ውጭ አገር ናችሁ? ደግ አደረጋችሁ፣ ለልጅቷ ሰላም በሉልኝ።» ስትወጣ ስልኩን በቀሚሷ ጫፍ ትወለውለው ነበር።

«ምን አለ?» አልኳት።

«አይዞሽ አለኝ። ሲያዝን ግን አልሰማሁትም።»

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሞቀ። ሁለቱ አሮጊቶች... እቴቴ እንዳትሰማኝ፣ ሁለቱ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ያወራሉ። አንዷ ያላየችውን ሌላዋ ታይላታለች። እቴቴ መስኮት ላይ ተቀምጣ መንገደኛውን ሁሉ ለእናቴ ትተርክላታለች፤ «አሁን አንድ ሰውዬ አለፈ፣ ኮቱ የራሱ አይመስልም።» የጠብታ ሰዓት ሲደርስ ከእኔ ቀድማ የምታስታውሰው እሷ ናት።

አሠልጣኙ በየቀኑ አመሻሽ ላይ በኢንተርኔት ይደውላል።

«ቤቱ እንዴት ነው?»

«ጸጥ ያለ ነው ጋሼ።» ከኋላዬ ሁለቱ አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። «እዚያስ?»

«ብርድ ነው። ብርድ።»

በዚህ መሐል መብራት ጠፋ። አሠልጣኙም ከውጭ አገር «ውይ፣ ጠፋ!» አለ።

«ምኑ?»

«መስመሩ... መስመሩ ሊጠፋ ነው» ብሎ ዘጋው።

የእርማት ሰው ነኝ፣ ግድፈቱን አይቼዋለሁ። ነገር ግን የራሴ ግድፈት ሶፋው ላይ ተጋድሞ እያለ የሰው ገጽ ላይ ቀይ ማስመር ደስ አላለኝም። ለእቴቴም ምንም አልነገርኳት።

አሥራ አንደኛው ቀን እሑድ ነበር፤ ከነጋ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። አራት ሰዓት ላይ ጠብታ ላደርግላት መሸፈኛውን ሳነሣ የእናቴ ዓይን ደም መስሏል።

«ያምሻል?»

«ትንሽ።»

እናቴ ትንሽ ካለች ብዙ ነው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ቅድም ፊቴን ከታጠብኩ ወዲህ። ሩብ ሰዓት ይሆናል።»

ለሦስት ታክሲ ድርጅቶች ደወልኩ። ዝናብ ሲመጣ ታክሲ እንደ ስኳር ነው የሚሟሟው፤ ሁለቱ አላነሡም፣ ሦስተኛው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አለኝ። የግራውን ጎረቤት አንኳኳሁ፤ የለም። የቀኙ መኪና የለውም። በእግር እንዳንወስዳት አትችልም። የአሠልጣኙ የማስተማሪያ መኪና ደግሞ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል።

«እቴቴ፣ መንዳት ትችያለሽ?»

«እኔ የምነዳው ሰው ብቻ ነው» አለች። ቀልዷ ነው፣ ግን ፊቷ አልሳቀም።

ስልኩን አንሥቼ አሠልጣኙ ጋ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሣ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፤ እናቴ ከእኔ ጋር ናት። ዓይኗን ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ነበር፣ አሁን ቀልቶባታል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ካልደረሰች ትታወራለች። ከፈለጉ ነገ አስወጡን። ዛሬ ግን መኪናዎን የሚነዳልኝ የሚያውቁት ሰው ካለ ይላኩልኝ።»

ከስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ ይሰማኛል።

«ከጀመራት ስንት ደቂቃዋ ነው?»

«ሃያ አምስት።»

«ጫማ አድርጊላት። አሥር ደቂቃ። አሥር ደቂቃ» አለና ዘጋው።

«ምን አለሽ?» አለች እቴቴ።

«አሥር ደቂቃ አለ።»

«የዚያ አገር አሥር ደቂቃ በእኛ ስንት ይሆናል?»

«ከተማሪዎቹ አንዱን ሊልክልን ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ተማሪው ሲመጣ እኔ ጓዳ እገባለሁ» አለችና ተንበርክካ የእናቴን ጫማ ማሰር ጀመረች። እናቴ የእቴቴን ትከሻ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ሕመሙ እየባሰባት መሆኑን ከጣቶቿ አየሁ።

በስምንተኛው ደቂቃ የግቢው በር ተከፈተ። ደወል አልተሰማም፤ ቁልፍ ነው የዞረው። እቴቴ ልትነሣ ፈልጋ ነበር፤ እናቴ አልለቀቀቻትም።

አሠልጣኙ ገባ። የቤት ሱሪ ለብሶ በነጠላ ጫማ ነው። የያዘው ጃንጥላ አበባ አበባ ያለበት የሴት ጃንጥላ ነው። ግማሽ አገጩ ተላጭቷል፤ በሌላው ግማሽ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። መጀመሪያ እናቴን አየ፣ ቀጥሎ ከእግሯ ሥር የተንበረከከችውን አየ።

እቴቴ ቀና አለች። ተያዩ። እኔ የት እንደማይ ጠፋኝ።

«እንኳን ደህና ገባህ» አለች እቴቴ።

«እንኳን... ደህና ቆየሽኝ።» ወደ ነጠላ ጫማው አየ። «በረራው ቀደም አለ።»

«መቅደም ጥሩ ነው። እኔም ጉልበቴ ቀደም ብሎ ተሻለኝ።»

«እሰይ» አለ አሠልጣኙ።

እንደ ሁለት የባንክ ሠራተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ክንዴን ይያዙ» አላት። ደግፎ እስከ መኪናው ወሰዳት፤ ሸራውን በአንድ እጁ ገፎ ጣለው። እኔ ከእናቴ ጋር ከኋላ ገባሁ፣ እቴቴ ከፊት ተቀመጠች። ሰዓቴን አየሁ፤ ሃያ ደቂቃ ይቀረናል። ክሊኒኩ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እንደርሳለን።

አሠልጣኙ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ እንደ ተማሪ ይነዳል። እቴቴ መስኮቱን ታያለች፤ በመስኮቱ ግን ዝናብ እንጂ ምንም አይታይም። አገጩ ላይ ያለው አረፋ መድረቅ ጀምሯል።

መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት። ዓይኗን በመሸፈኛው ላይ በመዳፏ ደግፋ ይዛ ወደ ፊት ጠጋ አለች።

«ልጄ፣ አላውቅህም፣ አላየሁህም፤ ግን ተባረክ። ለእኔ ለማታውቀኝ ባልቴት ብለህ፣ ልጅህን ጥለህ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠህ! እንዳንተ ያለ ሰው አለ? እህትህ እንዲህ ነው የምትለው እውነቷን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ደግነትህ ነው የምታወራልኝ። አዝላ ያሳደገችህ...»

«እማማ» አለ አሠልጣኙ።

«ወዬ ልጄ።»

«አይመርቁኝ።» በኋላ ማሳያው መስታወት አያት፤ ከዚያ ወደ መንገዱ ተመለሰ። «ከቤታችን ኋላ ካለው መንገድ ነው የመጣሁት። ከሚስቴ እህት ቤት። የትም አልሄድንም።»

መኪናው ነጥሮ ቆመ። የማስተማሪያ መኪና ስለሆነ በተሳፋሪው በኩልም ፍሬን አለው፤ የረገጠችው እቴቴ ናት። ከኋላችን ያለው ሾፌር ጥሩምባውን ለቀቀብን። አሠልጣኙ ወደ እህቱ አልዞረም። እሷም አልዞረችም።

ትንሽ ቆይታ እግሯን አነሣች።

«ንዳ» አለችው።