ስልሳ ሰባት ፐርሰንት ላይ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ኮምፕሬሰር» ይለዋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ፍሪጁ አላቀዘቅዝ ቢል፣ አምፖሉ አልበራ ቢል፣ በሩ እንኳ አልገጥም ቢል ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ይሰጥና «ኮምፕሬሰሩ ነው» ይላል። አንዳንዴ እውነትም ኮምፕሬሰሩ ይሆናል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የተበላሸ ዕቃ ስለጠፋበት ደህናውን ባየ ቁጥር እጁን ይበላዋል።

የዚያን ቀን ጠዋት፣ ሚስቱ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ፣ እጁን የበላው ኮምፒውተሩ ነበር።

ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት መልእክት ለሁለት ሳምንት ብቅ ጥልቅ ስትል ከርማለች። «አዲስ አፕዴት ተዘጋጅቶልዎታል። አሁን መጫን ይፈልጋሉ?» በዚያ ቤት እሱን አንቱ የሚለው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ሚስቱ ደስ ሲላት «አንተ ሰው»፣ ስትቆጣ «አንተ ሰውዬ» ነው የምትለው። እሱ ደግሞ በትሕትና የለመነውን እምቢ ማለት አያውቅበትም። እርግጥ ማታውኑ «ነገ ትምህርቴ እስኪያልቅ ድረስ ይህን ኮምፒውተር እንዳትነካው፤ በሩቁ ሰላም በለው» ተብሎ ተነግሮታል። ቢሆንም ለእሷው አስቦ ነው፤ ታድሶ፣ ጸድቶ ቢጠብቃት ብሎ። ቢያንስ ጣቱ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ ልቡን ያን ሰዓት አልጠየቀውም።

ሚስቱን አገር ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ሠላሳ አራት ዓመት ቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ሠርታ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነርሶች ማሠልጠኛ ተማሪዎችን በኮምፒውተር ለሙከራ ልታስተምር ቀጠሮ ተይዞላታል። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ራሳቸው ያዳምጣሉ። ከወደዱላት በሳምንት ሦስት ቀን ታስተምራለች፤ ካልሆነ ቦታውን ቆሞ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። አርባ የቁስል ፎቶዎቿ፣ ከነማብራሪያቸው፣ ያሉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። «በስልክሽ አስተምሪ» እንዳይባል ስልኳ ቁልፉ የተፋቀ አሮጌ ነው፤ በእሱ እንኳን ቁስል ሰዓትም በቅጡ አይታይ።

ሲስተር ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ስትወጣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ፣ መሀሉ ላይ ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ይዞራሉ። «ሠላሳ አራት ፐርሰንት ተጠናቋል። እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉ።»

«ምን አደረግከው?»

«እኔ? ራሱ ነው የጀመረው።»

«ራሱ?»

«ማለቴ… ትንሽ አገዝኩት።»

ብትጮህ ይሻለው ነበር። ሲስተር ግን በጭንቅ ሰዓት አትጮህም፤ ድምጿ ይቀንሳል፣ እጇ ይፈጥናል። መሳቢያውን ከፍታ ከሥራ ዘመኗ የተረፈ የበሽተኛ መከታተያ ቅጽ አወጣች፤ ጠንካራ ካርቶን ላይ በመቆንጠጫ አያያዘችው። ወንበር ሳበች፣ የእጅ ሰዓቷን አየች፣ መጻፍ ጀመረች።

«ምንድነው እሱ?»

«ቻርት።»

«ኮምፒውተር እኮ ነው!»

«የማይናገር በሽተኛ ነው። የማይናገር በሽተኛ ደግሞ በዓይን ነው የሚታከመው። አሁን አትናገረኝ።»

ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ሃምሳ፣ ስልሳ፣ ስልሳ አምስት። ስልሳ ሰባት ላይ ሲደርስ ቆመ። ባልየው መፍቻ ፍለጋ ጓሮ ወጥቶ ሲመለስ ስክሪኑ ሌላ ነገር ይላል፦ «አፕዴቱ አልተሳካም። ለውጦቹን እየመለስን ነው። ኮምፒውተሩን አያጥፉ።» ከግማሽ ሰዓት በላይ ወደ ኋላ ሲመለስ ቆየ፤ ነቃ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ደህና ሰው መሰለ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ከዜሮ ጀመረ።

«ኮምፕሬሰሩ ነው» አለ ባልየው።

«ኮምፒውተር ኮምፕሬሰር የለውም።»

«የሚያቀዘቅዘው ነገር አለው አይደል? እሱ ነዋ!»

የጎኑን ክዳን ፈቶ አነሳና አንዴ እፍ አለበት። የወጣው አቧራ ለሁለት ቤት ይበቃል። ግድግዳው፣ መጋረጃው፣ የሲስተር እርጥብ ፀጉር ሁሉ ድርሻ ድርሻቸውን አገኙ። እሱም ማስነጠስ ጀመረ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ሲያስነጥስ ቁጥሩ ስልሳ ሰባት ደርሶ ተመልሷል።

ሲስተር ፀጉሯን ሳታራግፍ ጻፈች።

አማራጭ ሲያጡ ልጃቸው ጋ ደወሉ። የአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ስብሰባ ላይ ስለነበረች በሹክሹክታ ነው ያነሳችው።

«አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ነገር አለ? ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ምናምን? ካለ ንቀሉትና ሞክሩ።»

«ምንም የለም ልጄ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ካለ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አለና ጆሮውን አከከ። ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያክ ከእሱ በቀር ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።

ምክንያቱም አለ። አምና አንድ ቢሮ የጣለውን ፕሪንተር አንስቶ አምጥቶ፣ የፍሪጅ ሽቦና የፍሪጅ ስፕሪንግ ቀጥሎ አስነስቶት ነበር። ያትማል፤ ከማተሙ በፊት ግን እንደ በሬ ያጓራል፣ የመጀመሪያዋንም ወረቀት ጥቁር አድርጎ ነው የሚተፋት። እናትና ልጅ «ይጣል» ብለው ፈረዱበት። «ጥዬዋለሁ» አላቸው። ፕሪንተሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር ባለው ካቢኔ ውስጥ፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ካቢኔውን ከኋላ በስቶ ባሳለፈው ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር እንደተያያዘ ይኖራል። ሲስተር ገበያ ስትወጣ የፍሪጅ ንድፍ ያትምበታል። ከአፕዴቱ ጋር ይገናኛል ብሎ ግን ለአፍታም አላሰበም። የገዛ እጁ የጠገነው ዕቃ እንዴት ሰው ይበድላል?

«እንግዲያው ቦታ ሞልቶ ይሆናል» አለች ልጅ። «ሲነሳ ቶሎ ብላችሁ የማይረባውን ፋይል አጥፉ።»

የማይረባው ፋይል ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የፍሪጅ ፎቶ ሆኖ ተገኘ። ሲስተር አንድ በአንድ እያሳየች «ይሄስ?» ትለዋለች።

«እሷ እኮ ሁለት በር ያላት ናት! የዚያ ሆቴል!»

«ይሄስ?»

«አጥፊው» አለ በመጨረሻ ፊቱን አዙሮ። «ሁሉንም አጥፊው። እኔ አላይም።» አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ሙከራ ሲጀመር ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሊሆን ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ምሳ ረስተው፣ ዓይናቸውን ተከሉ። ስልሳ አምስት። ስልሳ ስድስት። ስልሳ ሰባት።

ከካቢኔው ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ አንድ በሬ አጓራ።

ቁጥሩ ቆመ። «አፕዴቱ አልተሳካም።»

ባልየው ከእግሩ እስከ ራሱ በረደው። ወደ ሚስቱ በዓይኑ ጠርዝ ሰረቅ አድርጎ አየ፤ ቀና ሳትል ትጽፋለች። ያልሰማች መሰለው። እሱ ግን ሰምቷል፤ የዕቃን ድምፅ ሰምቶ በሽታውን ሲያውቅ የኖረ ጆሮ ነው። አፕዴቱ ስልሳ ሰባት ላይ የተሰካውን ሁሉ ይቀሰቅሳል፤ ፕሪንተሩ ደግሞ ሲቀሰቅሱት ያጓራል እንጂ አይመልስም።

«ፕሪንተሩ ነው» ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል ናት። አላለም።

መጀመሪያ ኀፍረት ያዘው። ከኀፍረቱ ሥር ግን ሌላ ነገር አገኘ። እሱና ሲስተር ሠላሳ አራት ዓመት በር ላይ ሲተላለፉ የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። እሷ ከሌሊት ሥራ ስትገባ እሱ መፍቻውን ይዞ ይወጣል፤ እሱ ሲገባ እሷ ጫማዋን ታስራለች። ልጃቸውን ሁለት ተረኛ ጠባቂዎች ናቸው ያሳደጓት ቢባል ይቀላል። እነዚህ ሁለት ዓመታት ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ወንበር አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ተቀመጡ። እሷ ጋዜጣ ታነብለታለች፣ እሱ ይከራከራታል። ሚስቱን ገና አሁን ነው ያገኛት። ኮምፒውተሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልዳነ ደግሞ ሌላው ሰው ያስተምራል፤ ሁለቱ ወንበሮችም ባሉበት ይቀጥላሉ።

ደስ አለው። ደስ ማለቱን ሲያውቅ ደግሞ አፈረ፤ አፈረና እንደገና ዝም አለ።

አራተኛው ሙከራ ሲጀምር ሰዓቱ ሰባት ከአርባ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የለም። ሲስተር ቻርቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነሳች።

«ልልበስ እንግዲህ።»

«ካልተሳካስ?»

«ነርስ በሽተኛው እስኪሞት ልብሷን ለብሳ ነው የምትቆመው» ብላ መኝታ ቤት ገባች።

ብቻውን ቀረ። አሥራ ሁለት ፐርሰንት። አሥራ አምስት። በተዘጋው በር በኩል የሲስተር ድምፅ መጣ፤ ትለማመዳለች። «እንደምን ዋላችሁ ልጆች።» ትንሽ ቆይታ፣ ድምጿን አለስልሳ፣ «ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።» ደግሞ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ደህና ዋላችሁ ልጆቼ?» ያቺ በደም መሀል እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት ሰላምታ ጨንቋታል። ድምጿ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ነው።

ጉልበቱ እየተንቋቋ ተንበረከከ፤ ካቢኔውን ከፈተ፣ እጁን ብርድ ልብሱ ሥር ሰደደ፣ ገመዱን ጨብጦ ነቀለው። በሩን ቀስ አድርጎ መለሰና ምንም እንዳልተፈጠረ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ሲስተር ነጭ ጋዋኗን ለብሳ እስክትወጣ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባት። በሥራ ዘመኗ ለመልበስ ከሦስት ደቂቃ በላይ ፈጅቶባት የማያውቅ ሰው ናት፤ እሱ ግን ይህን ለማስተዋል ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር። ስልሳ ስድስት። ስልሳ ሰባት። ጸጥታ።

«ስልሳ ስምንት!» ብሎ ዘለለ። «ሲስተር፣ ስልሳ ስምንት! አየሽ? ስልሳ ስምንት እኮ ነው!»

«አየሁ» አለች፤ ጻፈችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው ስክሪኑ «እንኳን ደህና መጡ» አለ። አርባውም ቁስሎች በየቦታቸው ተገኙ። ሲስተር ወንበሯን አስተካከለች፣ ቻርቱን አንስታ እሱ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ይህን ያዝልኝ። በሩንም ዝጋልኝ።»

ሳሎን ሄዶ ከሁለቱ ወንበሮች በአንዱ ተቀመጠ። ወዲያው ከውስጥ ድምጿ «እንደምን ዋላችሁ ልጆች» ሲል ሰማ፤ አልተንቀጠቀጠም። መነጽሩን አደረገና ቻርቱን ገለጠ። እሱ የሚያውቀው የኮምፒውተሩን ዓምድ ነበር። አጠገቡ ግን ሌላ ዓምድ ተሰምሯል፤ አናቱ ላይ «አስታማሚ» ይላል።

3:20 — 34 ፐርሰንት። አስታማሚ፦ «ራሱ ጀመረ» ይላል። አልቦታል።

3:45 — 67። ካቢኔው አጓራ። አስታማሚ፦ ጓሮ ነው።

5:10 — 67። ካቢኔው አጓራ። አስታማሚ፦ ያስነጥሳል። አልሰማም።

5:50 — ልጃችን ስለ ፕሪንተር ጠየቀችው። አስታማሚ፦ ጆሮውን አከከ።

6:55 — 67። ካቢኔው አጓራ። አስታማሚ፦ ሰማ። ዝም አለ።

7:00 — ዝም እንዳለ ነው። ደስ ብሎታል። ቀጥሎ ከፋው።

7:45 — 8 ፐርሰንት። ልልበስ ብዬ እወጣለሁ። እስከ 8:10 ካልነቀለው እኔ እነቅለዋለሁ። በራሱ ቢነቅለው ግን ለእሱ ይሻላል።

7:58 — የጉልበት ድምፅ። የካቢኔ በር። ነቀለው።

ከሥር፣ ሐኪም በሚጽፍበት ቦታ፣ እንዲህ ተጽፏል። «ምርመራ፦ ብቻዬን እቀራለሁ ብሎ ፈርቷል። ትእዛዝ፦ ፕሪንተሩ ይጣል። ሰውዬው ይቆይ።»

ባልየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ መነጽሩ ግን አልቆሸሸም ነበር። ከውስጥ የሲስተር ድምፅ ይመጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእኛ ሥራ ግን ልጆች፣ የደበቀውንም ማየት ነው።» አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር አየው። ከዚያ እርሳሱን አንስቶ፣ ከትእዛዙ ሥር ባለችው ባዶ መስመር ላይ፣ የፍሪጅ ደረሰኝ ሲጽፍ በለመደው ትልልቅ ፊደል ጻፈ።

9:25 — አስታማሚው ሳሎን ብቻውን ተቀምጧል። ይተነፍሳል። ክትትል ይፈልጋል።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሲስተር ፊቷ በርቶ ወጣች። ለመጪው ሳምንት ሦስት ቀን ተሰጥቷታል። ቻርቱን ተቀብላ አነበበች፤ ጋዋኗን ሳታወልቅ አጠገቡ ተቀመጠች። እርሳሱን ከእጁ ወሰደችና ከጻፈው ሥር «ታይቷል» ብላ ፈረመችበት።